ጓደኛ የበዛላት ልጅ

ስለ ታዳጊዎችና ስለ ሱስ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚሣለው ልጅ አንድ ዓይነት ነው፤ ብቸኛ፣ አኩራፊ፣ በትምህርቱ የደከመ፣ ቤቱ ሰላም ያጣ፣ በመጨረሻም መጥፎ ጓደኛ የያዘ። የእኔ ልጅ እንዲህ አልነበረችም። 13 ዓመቷ ነበር፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ። በትምህርቷ ደህና ናት፣ ከእኔ ጋር ታወራለች፣ በክፍሏ ደግሞ ሁሉም አጠገቧ መቀመጥ ይፈልጋል። የጓደኛ ልደት ኖሮ ሳትጠራ የቀረችበትን ጊዜ አላስታውስም። ስለዚህ የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ደውለው በእረፍት ሰዓት ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መጸዳጃ ቤት ውስጥ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሲያጨሱ መገኘታቸውን ሲነግሩኝ፣ ስም ተሳስተው የደወሉ ነበር የመሰለኝ። እሳቸውም ግራ ተጋብተው ነበር። «ሌሎች ልጆችን እንጠረጥር ነበር፤ እሷን ግን በፍጹም» አሉኝ።

ይህንን የምጽፈው «የእኔ ልጅ ጓደኛ ሞልቶታል፣ ሰው ይወደዋል፣ ምን ይሆናል?» ብለው ልባቸውን ላሳረፉ ወላጆች ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ በእኩዮቹ የተወደደ ልጅ በመወደዱ ብቻ ከሲጋራና ከመጠጥ የተጠበቀ አለመሆኑን ነው። አንዳንዴ እንዲያውም ወደዚያ የሚያስገባው በር መወደዱ ራሱ ነው። ደግነቱ በዚያው በር መውጣትም ይቻላል።

በዚያ ምሽት ባለቤቴ ገና ከመግባቱ ሊቆጣ ነበር፤ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲታገሠኝ ለመንኩት። ልጄ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የሹራቧን እጅጌ ጫፍ ክሩ እስኪወጣ ድረስ ታፍተለትላለች። «ለምን አደረግሽው?» አላልኳትም፤ ለዚህ ጥያቄ የሚመጣው መልስ «አላውቅም» ብቻ እንደሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃለሁ። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ እንዴት እንደነበረ ንገሪኝ» አልኳት። ነገረችኝ። መሣሪያውን ከሦስቱ አንዷ ከታላቅ እህቷ ቦርሳ ወስዳ ነው ያመጣችው። ወፍራም እስክርቢቶ ያህላል፤ የሚወጣው እንፋሎት ፍራፍሬ ፍራፍሬ ስለሚሸት፣ ከዚያ የወጣ ልጅ ማስቲካ ሲያኝክ የቆየ እንጂ ያጨሰ አይመስልም።

ባለቤቴ መታገሥ አቅቶት «ማን አስገደደሽ?» አለ።

«ማንም። እንኪ እንኳ አላሉኝም» አለች። ጥቂት ቆይታ ቀጠለች፤ «አንዷ አጨሰች፣ ለሌላዋ ሰጠቻት። ከዚያ ሁለቱም ዝም ብለው አዩኝ። ካልወሰድኩ እበልጣችኋለሁ ያልኳቸው እንዳይመስላቸው ፈራሁ።»

ይህ ዓረፍተ ነገር ለብዙ ቀናት ከጆሮዬ አልወጣም። ልጆቻችንን «እምቢ በሉ» እያልን ስናሳድጋቸው፣ በሐሳባችን ያለው አንድ የሚገፋፋ፣ የሚያስፈራራ፣ ካልጠጣህ ፈሪ ነህ የሚል ሰው ነው። ልጄ ፊት እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። የነበሩት የምትወዳቸውና የሚወዷት ሁለት ልጆች ናቸው። ያደረገችው ነገር ደግሞ ከትንሽነቷ ጀምሮ ሰው እንዲወዳት ያደረጋት ያው ባሕርይዋ ነው፤ የሌላውን ስሜት ቀድማ ታነባለች፣ ማንንም ማሳፈር አትፈልግም፣ ብቻውን የቆመ ሰው ካየች አጠገቡ ሄዳ ትቆማለች። እኔ ራሴ «ጎበዝ» እያልኩ ያሳደግሁት ባሕርይ ነው። አሁንም መልካም ባሕርይ ነው እላለሁ።

በኋላ ያነበብኩት አንድ ጥናት እሷን አይቶ የተጻፈ መሰለኝ። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆሴፍ አለን ከባልደረቦቹ ጋር 185 ታዳጊዎችን ከ13 ዓመታቸው አካባቢ ጀምረው ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተሙ። በእኩዮቻቸው ተፈላጊ የሆኑት ልጆች በብዙ መለኪያ የተሻሉ ነበሩ፤ የበሰሉ፣ ከእናቶቻቸው ጋር የሚግባቡ፣ ከቅርብ ጓደኞቻቸውም ጋር መልካም ግንኙነት ያላቸው። ሆኖም ጊዜ እየሄደ ሲመጣ በእነዚሁ ልጆች ላይ በመጠኑ አደንዛዥ ዕፅ መጠቀምና ትናንሽ ጥፋቶች ጨመሩ። በሌላ በኩል እኩዮቻቸው የማይወዱት ጠበኝነት በእነሱ ላይ ቀነሰ። ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ነገሩ ገባኝ። የተወደደ ልጅ ቡድኑ የሚያስተምረውን ሁሉ፣ መልካሙንም መጥፎውንም፣ ከሌላው ቀድሞ ይማራል። ቡድኑ ጠብ አይወድም? ጠብ ይተዋል። ቡድኑ ማጨስን እንደ ትልቅነት ያየዋል? ያጨሳል።

እዚህ ላይ ለወላጅ በጣም የሚጠቅም አንድ ልዩነት አለ። ተመራማሪዎች ልጆችን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይጠይቃሉ። አንደኛው «ከማን ጋር መሆን ደስ ይልሃል?» ነው። ሁለተኛው «በክፍላችሁ ዝነኛው ማን ነው?» የሚል ነው። በልጅነት የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ይቀራረባል፤ በጉርምስና መግቢያ ላይ ግን እየተራራቀ ይሄዳል። እኔም አንድ ቀን እግረ መንገዳችንን ሁለቱን ጥያቄዎች ለልጄ አቀረብኩላት። ለመጀመሪያው ሳታመነታ ስም ዘረዘረች። ለሁለተኛውም እንዲሁ። ከዚያ መንገድ መሃል ቆም አለችና «እማዬ፣ ዝነኞቹ ውስጥ ከአንዷ በስተቀር የምወደው ሰው የለም እኮ» አለችኝ። እኔ ምንም አልጨመርኩም። በልጆች ዘንድ የሚከበረው ዝና ብዙ ጊዜ ቶሎ ትልቅ ከመምሰል ጋር የተያያዘ ነው። እነዚያው የቨርጂኒያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ሌላ ጥናት፣ በ13 ዓመታቸው ትልቅ ለመምሰል የሚሽቀዳደሙ፣ ማለትም ያለ ዕድሜያቸው የፍቅር ጓደኛ የሚይዙ፣ መልከ መልካም ጓደኛ የሚያሳድዱ፣ በትናንሽ ጥፋት ሌላውን ለማስደነቅ የሚጥሩ ልጆችን እስከ 23 ዓመታቸው ተከታተሏቸው። በ13 ዓመታቸው የነበራቸው ተፈላጊነት ብዙ አልቆየም። ሃያዎቹን ሲጀምሩ ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር የተያያዘ ችግር ከሌሎቹ ይበልጥ በእነሱ ላይ ታየ።

ባለቤቴ ትምህርት ቤት እንቀይር አለ። እኔ አልተስማማሁም። ሁለቱን ጓደኞቿን እንከልክላት የሚለውንም አልተቀበልኩም፤ ምክንያቱም የሰውን ስሜት ቀድማ የምታነብ ልጅ የትም ብትሄድ ይህንኑ ባሕርይዋን ይዛ ትሄዳለች፤ በዚያ ላይ በአዲስ ቦታ አዲስ ሰው ሆና ለመወደድ የበለጠ ዋጋ ትከፍላለች። ባለቤቴም ብዙ ከተከራከርን በኋላ በዚህ ተስማማ። እስከ ዛሬ ትክክለኛ ውሳኔ እንደነበረ አምናለሁ።

የሲጋራን ጉዳት በመዘርዘርም ጊዜ አላጠፋሁም። ጉዳቱን ታውቀዋለች፤ ለፈተና ስትዘጋጅ በቃሏ ስትደግመው ሰምቻታለሁ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የቴምፕል ዩኒቨርሲቲው ሎረንስ ስታይንበርግና ማርጎ ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ሙከራ፣ ታዳጊዎችና አዋቂዎች የመኪና መንዳት የኮምፒውተር ጨዋታ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ አንዳንዶቹ ብቻቸውን፣ ሌሎቹ እኩዮቻቸው እያዩዋቸው። ታዳጊዎቹ ጓደኛ ሲያያቸው አደጋ የመጋፈጥ ድፍረታቸው በጣም ጨመረ፤ አዋቂዎቹ ላይ ይህ ለውጥ አልታየም። በኋላ በአንጎል ምርመራ የተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ እንዳሳየው፣ ጓደኛ እያያቸው ሲጫወቱ በታዳጊዎች አንጎል ውስጥ ለደስታና ለሽልማት ምላሽ የሚሰጠው ክፍል የበለጠ ይነቃቃል። ስሜትንና ውሳኔን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ የሚሄድ ነው። እንግዲህ ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር ተቀምጣ «አላጨስም» የምትለው ልጅ አልዋሸችኝም። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሁለት ጥንድ ዓይን ሲያያት ግን ውሳኔው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ መዘጋጀት የነበረብን ለዚያች ቅጽበት ነበር።

ተለማመድን። ይህን ስናደርግ መጀመሪያ ሁለታችንም አፍረን ነበር። እኔ ጓደኛዋ ሆኜ እጄን እዘረጋለሁ፣ ዝም ብዬ አያታለሁ፤ እሷ ደግሞ ማንንም ሳታሳፍር የምትወጣበትን ቃል ትፈልጋለች። «ጉዳት አለው» የሚለውን ወዲያው ጣለችው፤ ስብከት ይመስላል አለች። «አይ፣ ለእኔ አይመቸኝም» የሚለውን ወደደችው። ሁለተኛው መውጫዋ እኔ ነኝ፤ «እናቴ ልብሴን ታሸታለች፣ ትገድለኛለች» እንድትል ፈቀድኩላት። ክፉ እናት ተብዬ ብታማ ምንም አይደለም። ሦስተኛው በስልክ የምትልክልኝ አንዲት የተስማማንባት ፊደል ናት። ያቺ ፊደል ስትደርሰኝ ወዲያው እደውልና «ጉዳይ ስላለ አሁኑኑ ነይ» እላታለሁ፤ ሄጄ አመጣታለሁ፤ እስኪነጋ ድረስም አንድም ጥያቄ አልጠይቅም። ይህ የመጨረሻው ከባድ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ፊደሏ ደረሰችኝና ከአንድ ቤት አመጣኋት። መኪና ውስጥ የመጠጥ ሽታ ነበር፤ ከእሷ ይሁን ከልብሷ አላወቅሁም። ባለቤቴ መሪውን ጨብጦ ጥርሱን ነክሶ ነበር። ቃላችንን ጠበቅን፤ ጠዋት ቁርስ ላይ ሁሉንም ራሷ ነገረችን። በዚያ ማታ ብንጮህባት ኖሮ ሁለተኛ ፊደል አትልክልንም ነበር።

«ሁሉም ያደርገዋል» የምትለውንም አብረን መረመርነው። በዓይኗ ያየቻቸውን ብቻ፣ የሰማችውን ሳትጨምር፣ ስም ሳትነግረኝ በጣቷ እንድትቆጥር ጠየቅኋት። ከአንድ እጇ ጣቶች አልበለጡም። የክፍሉ ልጆች ከሠላሳ በላይ ናቸው። ይህ ስሕተት የእሷ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ዲቦራ ፕሬንቲስና ዴል ሚለር በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች የግቢው የመጠጥ ልማድ እነሱን ራሳቸውን ባይመቻቸውም ሌላው ሁሉ የተመቸው ይመስላቸው ነበር። እያንዳንዱ የሌላውን ዝምታ እንደ ስምምነት ይቆጥረዋል። ልጄ የወሰደችው እነሱ ስለሚፈልጉ መስሏት ነው፤ ከእነዚያ ሁለት ልጆች አንዷ ግን ከሳምንታት በኋላ «እኔም የወሰድኩት አንቺ የምትወስጂ መስሎኝ ነው» ብላታለች።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ተከራክሬያለሁ። የተያዙትን ልጆች ከየክፍሉ ሰብስቦ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በአንድ ክፍል የምክር ትምህርት ለመስጠት ታስቦ ነበር። ሐሳቡ ከቅንነት የመጣ ነው፤ ውጤቱ ግን ሊገለበጥ ይችላል። ቶማስ ዲሽንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት፣ ችግር ያለባቸውን ታዳጊዎች አንድ ላይ ሰብስቦ የሚሰጥ እርዳታ አንዳንድ ጊዜ ትንባሆ መጠቀምንና ጥፋትን አባብሷል፤ ልጆቹ እርስ በርሳቸው በሳቅና በአድናቆት ይማማራሉና። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ልጅ ለብቻዋ ከወላጇ ጋር ቢሆን ብዬ ጠየቅሁ፤ የክፍል ኃላፊዋ ደግፈውኝ ተቀባይነት አገኘ። ወላጆች ይህንን ቢያውቁ ደስ ይለኛል፤ «ለልጆቹ ትምህርት ተዘጋጅቶላቸዋል» ሲባል ከማን ጋር፣ በማን መሪነት ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለመምህርቷ ሌላም ነገር ይዤላቸው ሄጄ ነበር። በእንግሊዝና በዌልስ በ59 ትምህርት ቤቶች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሙከራ ነው። በዚያ ሙከራ ዕድሜያቸው 12 እና 13 ዓመት የሆኑ ተማሪዎች ተጽዕኖ ፈጣሪ የሚሏቸውን እኩዮቻቸውን ራሳቸው መረጡ። መምህር ያልመረጣቸው፣ አንዳንዶቹም ጨዋ የማይባሉ ነበሩ። የተመረጡት አጭር ሥልጠና ወስደው ከጓደኞቻቸው ጋር በተለመደው ወሬ መሃል ስለ አለማጨስ እንዲያወሩ ተደረገ፤ መድረክ የለም፣ ሰልፍ የለም። ከአንድ ዓመት በኋላም ሥልጠናው በተሰጠባቸው ትምህርት ቤቶች የሚያጨሱ ልጆች ካልተሰጠባቸው ትምህርት ቤቶች ያነሱ ሆነው ተገኙ። ከዚያ ቀደም ብሎ በአሜሪካ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ማጨስ በበዛበት ትምህርት ቤት ተፈላጊ ልጆች የማጨስ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል፣ ባልበዛበት ግን እንዲህ እንዳልሆነ አሳይቷል። ተፈላጊ ልጅ ወዴትም ሊስብ ይችላል ማለት ነው። መምህርቷ አንብበውት ዝም ብለው ቆዩና «እኛ ሁልጊዜ የምንመርጠው በትምህርት ደረጃ የሚይዙትን ነው» አሉ። እንዳሰብነው ትልቅ ፕሮግራም አልተጀመረም። እሳቸው ግን በራሳቸው ክፍል ልጆቹ የሚሰሟቸውን ጥቂት ልጆች፣ ልጄን ጨምሮ፣ እየጠሩ ያነጋግሩ ጀመር።

ከሌሎቹ ወላጆች ጋር መነጋገር ከሁሉ ከበደኝ። አንዷ እናት ልጇን የሰደብኩባት መስሏት ስልኩን ዘጋችብኝ፤ ዛሬም ሰላምታችን ቀዝቃዛ ነው። ሌላዋ ደግሞ በቅን ልብ «ተደብቀው ከሚጠጡ እኔ ቤት፣ ዓይኔ እያየ ትንሽ ቢቀምሱ አይሻልም?» አለችኝ። ብዙ ወላጅ እንዲህ ያስባል። በአውስትራሊያ ወደ 2,000 የሚጠጉ ታዳጊዎችን ለስድስት ዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ግን፣ ወላጅ ራሱ አልኮል መስጠቱ ልጁን ከጉዳት እንደማይጠብቀው፣ ይልቁንም ከሌላ ሰው የማግኘቱን ዕድል እንደሚጨምረው ደርሶበታል። በመጨረሻ ከእሷና ከሌሎች ሁለት ወላጆች ጋር ቀላል ስምምነት አደረግን፤ ልጆቹ በማንኛችንም ቤት ሲሰበሰቡ አንድ አዋቂ ቤት ይኖራል፣ መጠጥ አይቀርብም፣ የመመለሻ ሰዓቱ ለሁሉም አንድ ነው። አይስላንድ በአገር ደረጃ ያደረገችው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የወላጆች ስምምነት፣ ታዳጊዎች ማታ ውጪ የሚቆዩበት ሰዓት መገደብ፣ ስፖርትና ሙዚቃ በስፋት ማቅረብ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እና ከ16 ዓመት ልጆቿ 42 በመቶ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ወር ሰክረው እንደነበር ሲናገሩ፣ በ2016 ቁጥሩ ወደ 5 በመቶ ወርዷል። የሰዓቱ ገደብ ለሁሉም አንድ ሲሆን ደግሞ ማንም ልጅ «እኔ ብቻ ነኝ የምሄደው» ብሎ አያፍርም። ለልጄ ትልቁ እፎይታ ይህ ነበር።

ነገሩ በዚህ ሁሉ ቀጥ ብሎ አልተስተካከለም። ልጄ አንድ ጓደኛ አጥታለች፤ መሣሪያውን ያመጣችው ልጅ ከእሷ ጋር መነጋገር ካቆመች ቆይታለች፤ ልጄም ለዚህ ብዙ አልቅሳለች። ያን ልቅሶ «ይሻልሻል፣ እሰይ» ብዬ አላጣጣልኩትም። ለ13 ዓመት ልጅ ጓደኛ ማጣት እውነተኛ ሐዘን ነው። አብሬያት ተቀመጥኩ፤ ያቺን ልጅም ቤታችን እንድትመጣ ጠርተናት ነበር፤ እስካሁን አልመጣችም።

ዕድሜው ለምን እንደሚያስጨንቀኝም ልናገር። በአሜሪካ በተደረጉ ሰፊ ጥናቶች መሠረት ከ15 ዓመታቸው በፊት መጠጣት የጀመሩ ሰዎች 20 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከጀመሩት ጋር ሲነፃፀሩ በአልኮል ጥገኝነት የመያዝ ዕድላቸው አራት እጥፍ ገደማ ነው። ኒኮቲን ደግሞ በየቀኑ ማጨስ ሳይጀመር፣ አልፎ አልፎ በሚጨስበት ጊዜም ቢሆን በታዳጊዎች ላይ የጥገኝነት ምልክት ሊያሳይ ይችላል። ልጅዎ ገና ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ የሚፈልገው ከሆነ፣ ሲያጣው የሚነጫነጭና ትምህርቱ ላይ መቀመጥ የሚያቅተው ከሆነ፣ ለማቆም ሞክሮ ካልቻለ ወይም ብቻውን ሆኖ መጠቀም ከጀመረ፣ ጉዳዩ ከጓደኛ ፊት ካለ እፍረት አልፏል፤ ያኔ ልጁን ከታዳጊዎች ጋር የመሥራት ልምድ ወዳለው ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ መውሰድ ይገባል። እኔ ልጄን የወሰድኳት ይህ ምልክት ሳይታይባት፣ ለጥንቃቄ ነው። ባለሙያዋ ግማሹን ሰዓት እኔን ውጪ አስቀምጠው ከእሷ ጋር ብቻ ተነጋገሩ። መጀመሪያ ደስ አላለኝም። ልጄ ግን ስትወጣ ለሁለተኛው ቀጠሮ ቀኑን ራሷ መርጣ ነበር፤ በድብቅ ሽንቷን ማስመርመር ፈልጎ የነበረው ባለቤቴም ያን ሲያይ ሐሳቡን ተወው።